የመርከብ ሞተር የሰዓት ቀጠና አያውቅም

ከዮኮሃማ ተነስታ ሳን ፍራንሲስኮ የምትገባ የጭነት መርከብ መቼ እንደምትደርስ ማስላት የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ሒሳብ ይመስላል። አጭሩ መንገድ ወደ 4,500 ኖቲካል ማይል ነው፤ መርከቧ በሰዓት 15 ኖቲካል ማይል ብትጓዝ 300 ሰዓት፣ ማለትም 12 ቀን ከ12 ሰዓት ይፈጅባታል። ጁን 10 በ15:00 ከወጣች እንግዲህ ጁን 23 በ03:00 መድረሷ ነው። (መርከበኞች ከእኩለ ሌሊት ጀምረው እስከ 24 ይቆጥራሉ፤ «በእኛ ነው በፈረንጅ?» ማለት የለመደ አንባቢ አይቸገርም።) ድምሩ ልክ ነው፤ ሰዓቱ ግን የዮኮሃማ ነው። በዚያች ቅጽበት ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ገና ጁን 22፣ 11:00 ነው።

የ16 ሰዓቱ ልዩነት የመጣው እንዲህ ነው። ወደ ምሥራቅ የሚጓዝ መርከብ በየ15 ዲግሪው ሰዓቱን በአንድ ያስቀድማል፤ በዚህ መንገድ 7 ጊዜ፣ የካሊፎርኒያ የበጋ ሰዓት ሲጨመር ደግሞ 8 ማለት ነው። በፓስፊክ መሃል ቀን የሚቀየርበትን የቀን መስመር ሲሻገር ግን አንዱን ቀን ይደግመዋል። ከ24 ላይ 8 ሲነሳ 16 ይቀራል። ይህን ሳያውቁ የተደናገሩት የማጄላን ጉዞ ትራፊዎች ናቸው፦ ወደ ምዕራብ ዓለምን ዞረው በጁላይ 1522 ኬፕ ቨርዴ ሲደርሱ በእነሱ ቁጥር ረቡዕ፣ በደሴቱ ሰዎች ዘንድ ሐሙስ ነበር። ከእነሱ አንዱ የነበረው አንቶንዮ ፒጋፌታ በየቀኑ መዝግቧል፤ ቆጠራው አልሳተም። ፀሐይ ለእነሱ የወጣችው አንድ ጊዜ ባነሰ ነው።

መፍትሔው ሒሳቡን ከመጀመሪያው በግሪንዊች ሰዓት መሥራት ነው። ዮኮሃማ 9 ሰዓት ስለሚቀድም መነሻው 06:00 ይሆናል፤ 300 ሰዓት ሲደመር ጁን 22፣ 18:00። ሳን ፍራንሲስኮ በበጋ በ7 ሰዓት ስለሚዘገይ 11:00። ያ ሁሉ ግራ ያጋባው የቀን መስመር በስሌቱ ውስጥ ከነጭራሹ አልታየም።

ነፋስና ማዕበል ባለበት ባሕር ይህን ያህል መጠንቀቅ ምን ይጠቅማል የሚል ይኖራል። መርከቧ አንድ ማይል ቀንሳ በሰዓት 14 ብትጓዝ የምትዘገየው 21 ሰዓት ገደማ ነው፤ ቀኑን መድገም የረሳ ደግሞ በ24 ሰዓት ይስታል። በዚያ ላይ የፍጥነት መቀነስ በየዕለቱ የመርከቧ ሥፍራ ሲለካ ስለሚታይ ይታረማል። የቀጠና ስሕተት ግን ባሕር ላይ ሳይሆን ወረቀት ላይ ስላለ እስከ መጨረሻው ተደብቆ ይጓዛል፤ የሚገለጠው መርከቧን ወደብ የሚያስገባው ፓይለትና ጎታች ጀልባዎቹ በሌሉበት ሰዓት ወደብ ሲደረስ ነው።

ታዲያ የመርከቧን ሰዓት መቀያየሩ ለምን አይቀርም? ሠራተኞቹ ፀሐይ ስትወጣ መነሳት፣ ሲመሽ መተኛት ስላለባቸው ነው። ለሰው ኑሮ የመርከቡ ሰዓት፣ ለሒሳቡ ግሪንዊች። ይኸው ጉዞ በዲሴምበር ቢደገም እንኳ 300ው ሰዓት አይለወጥም፤ መድረሻው ግን 10:00 ይሆናል፤ ካሊፎርኒያ በኖቬምበር ሰዓቷን በአንድ ወደኋላ ስትመልስ ጃፓን የእሷን አትነካምና።