ያጠፋው ዳኛ አለው፤ ያላጠፋውስ?

በከባድ የአእምሮ ሕመም የሚሠቃይ ሰው ነፍስ ቢያጠፋ ጉዳዩን ፖሊስ ይይዘዋል፤ ዐቃቤ ሕግ ያየዋል፤ ሐኪም ይመረምረዋል፤ በመጨረሻም ዳኛ ይወስናል። በዚያው ሕመም የሚሠቃይ፣ ግን በማንም ላይ እጁን ያላነሣ ሰው በጓዳ ታስሮ ዓመታት ቢያልፉ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሳይደርስ ሊቀር ይችላል። በአገራችን የአእምሮ ሕመምና ሕግ አንድ ላይ በተነሡ ቁጥር ጎልቶ የሚሰማው “ወንጀለኛው አሞኛል ብሎ ያመልጣል ወይ?” የሚለው ሥጋት ነው። ሥጋቱ ተገቢ ነው፤ ሕጉም በቂ መልስ አለው። መልስ የጎደለው ለሁለተኛው ሰው ነው።

የሕመሙ ስም ነጻ አያወጣም

ዛሬ የምንሠራበት የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በስዊዘርላንዳዊው የሕግ ምሁር ዣን ግራቨን አርቃቂነት የወጣውን የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ተክቶ የመጣ ነው። በአንቀጽ 48 መሠረት ተከሳሹ ከኃላፊነት ነጻ የሚሆነው በሕመም ወይም በመሰል ምክንያት፣ ድርጊቱን በፈጸመበት ጊዜ፣ የድርጊቱን ምንነት ወይም ውጤት መረዳት ካልቻለ ነው፤ ወይም ተረድቶም ራሱን መግዛት ካልቻለ።

እዚህ ላይ “በፈጸመበት ጊዜ” የሚለው ወሳኝ ነው። ስኪዞፍሬኒያ ያለበት ሰው ሕመሙ በረገበለት ወቅት አስቦና አቅዶ ቢሰርቅ፣ የሕክምና ካርዱ ከተጠያቂነት አያድነውም። በሌላ በኩል ድርጊቱ ምን እንደሆነ እያወቀ፣ በሕመሙ የተነሣ እጁን መሰብሰብ ያቃተውን ሰው ሕጉ ይረዳዋል። ይህን ሁሉም አገር አይቀበለውም። በእንግሊዝ ዳንኤል ማክናተን የጠቅላይ ሚኒስትሩን ጸሐፊ ተኩሶ ከገደለ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1843 የወጣው መመዘኛ የሚጠይቀው ማወቅን ብቻ ነው። አሜሪካም ፕሬዚዳንት ሬጋንን ያቆሰለው ጆን ሂንክሊ በሕመሙ ምክንያት ጥፋተኛ አይደለም ሲባል በተነሣው ቁጣ፣ እ.ኤ.አ. በ1984 ራስን የመግዛትን መመዘኛ ከፌዴራል ሕጓ አስወጥታለች።

የእኛ ሕግ መካከለኛ ደረጃም አለው። የመረዳት ወይም ራስን የመግዛት ችሎታው በከፊል ብቻ የተጓደለበት ሰው በአንቀጽ 49 መሠረት ይቀጣል፤ ቅጣቱ ግን ይቀልለታል። ወንጀል ለመሥራት ብሎ ሆን ብሎ የሰከረ ወይም አደንዛዥ ዕፅ የወሰደ ሰው ደግሞ በዚህ ጥላ ሥር ሊጠለል አይችልም።

ሐኪሙ ያስረዳል፤ ዳኛው ይወስናል

የተከሳሹ ኃላፊነት ሲያጠራጥር ፍርድ ቤቱ በአንቀጽ 51 መሠረት የባለሙያ ማስረጃ መጠየቅ አለበት። ሐኪሙ የሚያስረዳው የሰውየውን ሁኔታና ሕመሙ በማመዛዘን ችሎታው ላይ ያደረሰውን ጉዳት ነው። ዳኛው የሚታሰረው በተረጋገጠው ሳይንሳዊ ግኝት ብቻ ነው፤ “ስለዚህ ኃላፊ አይደለም” የሚለው የሕግ መደምደሚያ የዳኛው እንጂ የሐኪሙ አይደለም።

ሥራው ግን ከባድ ነው። ሐኪሙ ተከሳሹን የሚያየው ድርጊቱ ከተፈጸመ ሳምንታት ወይም ወራት ካለፉ በኋላ ነው፤ የሚጠየቀው ደግሞ ስለዚያች ሰዓት ነው። በዚህ የተነሣ የቤተሰብና የጎረቤት ቃል ትልቅ ክብደት አለው፦ ከዚያ በፊት እንቅልፍ አጥቶ ነበር? ብቻውን ያወራ ነበር? መድኃኒቱን አቋርጦ ነበር? በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቋቋመው የአማኑኤል ሆስፒታል ለረጅም ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ በመቆየቱ፣ የዚህ ምርመራ ሸክምም በአብዛኛው እርሱ ላይ ወድቋል።

ኃላፊ አይደለም የተባለ ሰውም በቀጥታ ወደ ቤቱ አይሄድም። ለሕዝብ ወይም አብረውት ለሚኖሩት አደገኛ ከሆነ ፍርድ ቤቱ ተስማሚ በሆነ ተቋም እንዲቆይ፣ ሕክምና ብቻ ከበቃው ደግሞ እንዲታከም ያዛል። ትእዛዙ አስቀድሞ የተቆረጠ የጊዜ ገደብ የለውም፤ ነገር ግን ፍርድ ቤቱ በየሁለት ዓመቱ እንደገና ሊያየው ይገባል። ሰው የገደለ ታማሚ እንኳ “አሁንም መያዝ አለበት ወይ?” ብሎ የሚጠይቅለት ዳኛ ሕጉ ሰጥቶታል።

ማንም የማይጠይቅለት

ወንጀል ያልሠራው ታማሚስ? የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በዋናነት የሚያሳስበው የታማሚው ውልና ንብረት ነው። ፍርድ ቤት ታማሚውን ከሕጋዊ ድርጊቶች ከልክሎ ሞግዚት ሊሾምለት ይችላል። በአንቀጽ 342 ደግሞ ከ2,000 ያነሰ ሕዝብ በሚኖርበት አካባቢ፣ ቤተሰቡ በሕመሙ ምክንያት የሚጠብቀውና እንደ ልቡ እንዳይንቀሳቀስ ያደረገው ሰው ሕመሙ በግልጽ እንደታወቀ ይቆጠራል። ዓላማው መልካም ነው፤ ታማሚው የፈረመው ጎጂ ውል እንዲፈርስለት ያስችላል። ቢሆንም ሕጉ የሰውየውን መታገድ ለውሉ ማስረጃ አድርጎ ሲቀበል፣ እገዳው ራሱ ተገቢ ነው ወይ ብሎ አይጠይቅም።

ቤተሰብን ጨካኝ ማለት ስሕተት ነው። በሶዶ ወረዳ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ልጁን በሰንሰለት የሚያስር አባት ወይም እናት አብዛኛውን ጊዜ ሌላ መላ ያጣ ነው፦ ሕክምናው ሩቅ፣ መድኃኒቱ ውድ፣ ልጁም ጠፍቶ ጅብ እንዳይበላው ወይም መኪና እንዳይገጨው የሚያስፈራ። በጸበል ስፍራም አስታማሚው የሚያስረው በፍቅርና በተስፋ ነው። ታማሚው ወደ ሆስፒታል ሲመጣም ብዙ ጊዜ አምጥቶና ፈርሞ የሚያስተኛው ቤተሰብ ነው። ችግሩ ይህ ሁሉ ውሳኔ በቤተሰብ ትከሻ ላይ ብቻ መውደቁ ነው። ከ2005 እስከ 2008 ዓ.ም. እንዲያገለግል የተዘጋጀው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ ራሱ፣ አገሪቱ የአእምሮ ጤና ሕግ እንደሌላት በግልጽ ጽፎ ነበር።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 17 ማንም ሰው በሕግ ከተደነገገው ሥርዓት ውጭ ነጻነቱን እንደማያጣ ይደነግጋል። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት ደግሞ የአካል ወይም የአእምሮ ጉዳት መኖሩ በምንም ሁኔታ ሰውን ለማሰር ምክንያት ሊሆን አይችልም ይላል። ስምምነቱን የሚከታተለው የተባበሩት መንግሥታት ኮሚቴ በዚህ መሠረት ያለፈቃድ ሆስፒታል ማስተኛት ጨርሶ እንዲቀር ይፈልጋል። ብዙ የአእምሮ ሐኪሞች በበኩላቸው ራሱን ሊያጠፋ የተነሣን ሰው ፈቃዱን እየጠበቁ ማየት ሕይወቱን አሳልፎ መስጠት ነው ብለው ይከራከራሉ።

እኔ የሐኪሞቹ ሥጋት እውነት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ግን እውነተኛ ሥጋት ገደብ የለሽ ሥልጣን አይሰጥም። ያለፈቃድ ማስተኛት ካስፈለገ ማን እንደሚወስን፣ ለስንት ቀን እንደሆነ፣ ውሳኔውን ከሆስፒታሉ ውጭ ማን እንደሚመረምረው፣ ታማሚው በማን በኩል አቤት እንደሚል በሕግ መጻፍ አለበት። ለቤትና ለጸበል ስፍራ ደግሞ ክልከላ ብቻውን አይበቃም፤ በጤና ጣቢያ መድኃኒት ከሌለ “ሰንሰለቱን ፍቱ” የሚል ትእዛዝ ቤተሰቡን ባዶ እጁን ያስቀረዋል። ሶዶ ውስጥ የአእምሮ ሕክምና በጤና ጣቢያ እንዲሰጥ የተደረገው ሙከራ ይህ ሩቅ ሕልም እንዳልሆነ አሳይቷል። እንዲህ ያለው ሕግ ሲረቀቅም ታስረው የኖሩትና አሁን የተሻላቸው ሰዎች ከሐኪሙና ከሕግ ባለሙያው ጎን ተቀምጠው ሊናገሩ ይገባል፤ መታሰር ምን እንደሚያደርግ ከእነርሱ የተሻለ የሚያውቅ የለምና።