አልፈታ ያለው ዳዶ

በአሶሳ ጋራዦች አልፈታ ላለ ዳዶ መላው የታወቀ ነው፤ ናፍጣ ማንጠባጠብ፣ በመዶሻ ነካ ነካ ማድረግ፣ ካልሆነም የመፍቻውን እጀታ በቧንቧ አስረዝሞ መጫን። እኔ የሕክምና መሣሪያዎች ጥገና ባለሙያ ነኝ። በእኔ ሥራ ሦስቱም ክልክል ናቸው፤ የምፈታው ዳዶ ሬጉሌተርን ከኦክስጅን ሲሊንደር ጋር የሚያያይዘው ነውና።

አንድ ክረምት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ ከሕፃናት ክፍል ተጠራሁ። ነርሷ ሬጉሌተሩን ወደ ሌላ ሲሊንደር ልታዛውር ብትል ዳዶው እምቢ ብሏታል። ጥበቃው ሊያግዛት ረጅም መፍቻ ይዞ ቆሟል።

«ሲስተር፣ ቫልቩን ዘግተሻል?»

«ዘግቻለሁ።»

«ፍሎሜትሩስ?»

«እሱንም።»

ጌጁን አየሁት፤ መርፌው 100 ላይ ነው። ፍሎሜትሩ ቀድሞ በመዘጋቱ ጋዙ መውጫ አጥቶ ሬጉሌተሩ ውስጥ ታፍኗል። 100 ባር ማለት በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር ላይ አንድ ኩንታል የሚያህል ሸክም ነው፤ ሙሉ ሲሊንደር ሲሆን ደግሞ ኩንታል ተኩል ይደርሳል። ያ ሁሉ ግፊት የዳዶውን ጥርስ ከቫልቩ ጥርስ ጋር አጣብቆ ይይዘዋል። ፍሎሜትሩን ከፈትኩት፤ ጋዙ እየፏጨ ወጣ፣ መርፌው ዜሮ ላይ ወረደ። ዳዶውም ሳያስቸግር ዞረ።

ባሕር ጠላቂዎችም ይህን ያውቁታል። የሚተነፍሱበት ሬጉሌተር ከሲሊንደሩ አልላቀቅ ሲላቸው መጀመሪያ ቫልቩን ዘግተው የቀረውን አየር ያስወጣሉ። በጉልበት ቢፈቱት ሬጉሌተሩ ተስፈንጥሮ ሰው ሊጎዳ ይችላል። እንግዲህ የዳዶው እምቢታ ማስጠንቀቂያ ነው።

መርፌው ዜሮ ላይ ወርዶም ካልተፈታ ሰበቡ ሌላ ነው፤ አቧራ ገብቶበታል፣ ጥርሱ ተዛንፎ ገብቷል፣ ወይም ከልክ በላይ ጠብቋል። ያን ጊዜ ሲሊንደሩ እንዳይዞር አስይዤ፣ በልኩ በሆነ መፍቻ በጥቂቱ ወደ ማጥበቂያው፣ ቀጥሎም ወደ ግራ እሞክራለሁ። እምቢ ካለ «አይሠራም» ብዬ ጽፌበት ለይቼ አስቀምጠዋለሁ። ዘይትና ግራሶ ግን በፍጹም አልነካበትም፤ በከፍተኛ ግፊት ያለ ንጹሕ ኦክስጅን ቅባት ሲያገኝ ያለ ክብሪት ሊቀጣጠል ይችላል። ከጋራዥ መጥቶ የሚያግዘን ሰው እጁንና መፍቻውን ሳያጸዳ የማላስጠጋው ለዚህ ነው።

በአገራችን የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ሕመምተኛ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገኘ ወዲህ ስለ ኦክስጅን እጥረት ብዙ ተብሏል። ጥርሱ ስለተበላ ዳዶ ግን የሚያወራ የለም። አሶሳ ከአዲስ አበባ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። እዚህ አንድ ሬጉሌተር ሲበላሽ መለዋወጫው እስኪመጣ ሲሊንደሩ ሞልቶ ሳለ ባዶ እንደሆነ ይቆጠራል።

አብዛኛው ብልሽት የሚጀምረው ሲፈታ ሳይሆን ሲታሰር ነው። ሲያፈስ ያየ ሰው ያጠብቀዋል፤ አሁንም ሲያፈስ ይበልጥ ያጠብቀዋል። የሚያፈሰው ግን ብዙውን ጊዜ ያረጀው ማሸጊያ ጎማ ነው። የማጥበቁ ዕዳ ሌሊት ተረኛ በሆነችው ነርስ ላይ ይወድቃል።

በጤና ጣቢያም በሆስፒታልም ያላችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ቅደም ተከተሉን አትርሱ። ቫልቩን ዝጉ፣ ፍሎሜትሩን ከፍታችሁ ጋዙን አስወጡ፣ መርፌው ዜሮ መድረሱን በዓይናችሁ አረጋግጡ፤ መፍቻ የምታነሡት ከዚያ በኋላ ነው። ስታስሩም ነገ የሚፈታውን ሰው አስቡ።