የስልክ መገኛ መረጃ ያለ ፍርድ ቤት ትዕዛዝ መቼ ሊወሰድ ይችላል?

የእጅ ስልክ የገበያ ዋጋ ለመጠየቅ፣ ከሩቅ ዘመድ ጋር ለመነጋገር፣ ገንዘብ ለመላክና ለመቀበል የዕለት ተዕለት መሣሪያ ሆኗል። ስልኩ ኪስ ውስጥ ተቀምጦ ሳለም ባለቤቱ የት አካባቢ እንዳለ የሚያመለክት መረጃ ይተዋል። ይህን መረጃ ፖሊስ ወይም ሌላ የመንግሥት አካል መቼ ሊወስደው ይችላል? የፍርድ ቤት ትዕዛዝ የማያስፈልግበት ሁኔታስ አለ?

መገኛው እንዴት ይታወቃል?

የበራ ስልክ በአቅራቢያው ከሚገኝ የኔትወርክ ማማ ጋር በየጊዜው ይገናኛል። የቴሌኮም ድርጅቱም የትኛው ሲም ካርድ፣ በየትኛው ቀንና ሰዓት፣ በየትኛው ማማ በኩል እንደተገለገለ ሊመዘግብ ይችላል። በከተማ ማማዎች ተቀራርበው ስለሚተከሉ ግምቱ እስከ አንድ ሰፈር ሊጠብ ይችላል። በገጠር ግን አንድ ማማ ብዙ ኪሎ ሜትር ሊሸፍን ስለሚችል ሰውየው በእርሻው ላይ ይሁን ወንዙን ተሻግሮ በጎረቤት ቀበሌ፣ መረጃው ላይለየው ይችላል።

መነሻው ሕግ

በ1987 ዓ.ም የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ያስከብራል። ማንኛውም ሰው በጽሑፍ፣ በፖስታ፣ በስልክና በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ የሚያደርጋቸው ግንኙነቶች አይደፈሩም። መብቱ ሊገደብ የሚችለው አስገዳጅ ሁኔታ ሲፈጠርና የሀገርን ደኅንነት፣ የሕዝብን ሰላም፣ ወንጀልን መከላከልን፣ ጤናን፣ የሕዝብን ሞራል ወይም የሌሎችን መብት ለመጠበቅ በወጣ ዝርዝር ሕግ መሠረት ብቻ ነው። አንድ ባለሥልጣን ስለፈለገ ብቻ መብቱን ሊገድብ አይችልም ማለት ነው።

የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አገልግሎት ሰጪ ድርጅቶች የግንኙነቱን መነሻ፣ መድረሻ፣ ቀን፣ ሰዓትና ቆይታ የሚያሳየውን መረጃ ቢያንስ ለ1 ዓመት እንዲያቆዩ ያዛል። መረጃው በፍርድ ቤት ካልታዘዘ በቀር በምስጢር ይጠበቃል። የተጠርጣሪን ግንኙነት በወቅቱ ለመከታተልም መርማሪው አካል የፍርድ ቤት ትዕዛዝ መጠየቅ አለበት። ይህም የሚፈቀደው ማስረጃውን ለማግኘት ሌላ መንገድ ከሌለ ነው።

ያለ ትዕዛዝ የሚፈቀድባቸው ሁኔታዎች

የመጀመሪያው በዚሁ አዋጅ አንቀጽ 25 የተመለከተው አስቸኳይ ሁኔታ ነው። ጉዳት ቢደርስበት የሕዝብን ደኅንነትና የሀገርን ጥቅም በእጅጉ በሚጎዳ ቁልፍ መሠረተ ልማት ላይ የኮምፒውተር ወንጀል እየተፈጸመ ወይም ሊፈጸም ነው ተብሎ በበቂ ምክንያት ሲጠረጠር፣ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ክትትሉ ያለ ፍርድ ቤት ትዕዛዝ እንዲካሄድ ሊፈቅድ ይችላል። ይህ ሥልጣን ዛሬ የፍትሕ ሚኒስቴር ነው። የፈቀደው አካል ግን ምክንያቱን በ48 ሰዓት ውስጥ ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ማቅረብ ይኖርበታል፤ ፕሬዚዳንቱም ወዲያውኑ ተገቢውን ትዕዛዝ ይሰጣል። የዳኛው ቁጥጥር ከድርጊቱ በኋላ ይመጣል እንጂ አይቀርም። የተለመደ የስርቆት ወይም የድንበር ጠብ ክስ በዚህ ድንጋጌ ውስጥ አይወድቅም።

ሁለተኛው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 መሠረት አዋጁ በሚጸናበት ጊዜ እንኳ ሊታገዱ የማይችሉ መብቶች ተዘርዝረዋል። የግል ሕይወት መብትን የያዘው አንቀጽ 26 ግን ከእነዚህ ውስጥ የለም። ስለዚህ በአዋጁ ዘመን መብቱ አስፈላጊ በሆነ መጠን ሊገደብ ይችላል። ሆኖም አዋጁ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትን ይሁንታ ማግኘት አለበት፤ ምክር ቤቱ ሲያጸድቀው እስከ 6 ወር ይቆያል፤ ከዚያ በኋላ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ በየ4 ወሩ ሊታደስ ይችላል።

ሦስተኛው የባለቤቱ ፈቃድ ነው። ስልኩ የተሰረቀበት ወይም መንገድ ላይ የጠፋበት ሰው በራሱ ፈቃድ መገኛውን ለፖሊስ ቢያሳይ መብቱን የነካበት የለም። ፈቃድ የሚባለው ግን ያለ ማስፈራራትና ያለ ግፊት የተሰጠ ሲሆን ብቻ ነው።

የሌላ ሀገር ልምድ

ጥያቄው በሌሎች ሀገሮችም አከራክሯል። በአሜሪካ ፖሊስ የአንድን ተከሳሽ የ127 ቀናት የስልክ መገኛ መዝገብ ያለ ዳኛ የብርበራ ፈቃድ ወስዶ ነበር። የሀገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 በ5 ለ4 ድምፅ ድርጊቱ ሕገ መንግሥቱን የሚጥስ መሆኑን ወሰነ። መዝገቡ በቴሌኮም ድርጅት እጅ ቢሆንም ሰውየው የዋለበትንና ያደረበትን ስለሚናገር የዳኛ ፈቃድ ያስፈልገዋል ሲል አብራራ። ሕይወትን ለማዳን ወይም የሚሸሽ ተጠርጣሪን ለመያዝ ጊዜ የማይሰጥ ሁኔታ ሲያጋጥም ግን ፈቃዱ ሊቀር እንደሚችል አስቀምጧል።

ነዋሪው ምን ይወቅ?

የማማ መዝገብ የሚያሳየው ሲም ካርዱ የነበረበትን አካባቢ እንጂ ስልኩን የያዘውን ሰው አይደለም። በሬ በተሰረቀበት ሌሊት በዚያው ማማ ክልል የተኛ ሁሉ መዝገቡ ላይ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ መዝገቡ ለምርመራ መነሻ ቢሆንም ብቻውን ጥፋተኛነትን አያረጋግጥም። በስም የወጣን ሲም ካርድ ለሌላ ሰው መስጠትም አደገኛ ነው፤ ጥያቄው መጀመሪያ የሚመጣው ወደ ተመዘገበው ባለቤት ነውና።

መገኛው ያለ አግባብ ተወስዶብኛል የሚል ሰው፣ መረጃው በማስረጃነት ከቀረበበት፣ በየትኛው ትዕዛዝ እንደተገኘ እንዲገለጽለት ፍርድ ቤቱን መጠየቅ ይችላል። ለኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንም አቤቱታ ማቅረብ ይቻላል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የግል መረጃ አያያዝን የመቆጣጠር ኃላፊነትን ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሰጥቷል። አቤት ለማለት ቀኑን፣ ቦታውንና የጠየቀውን አካል ማንነት መዝግቦ መያዝ ይጠቅማል።