ዘፈኑን የማትይዘው ዘፋኝ ሰሌዳ

ዘፈን ለማስጫን ሱቅ ሄዶ የሚያውቅ ሰው የሚሞሪ ካርድን ጉድ ያውቃል፤ የጥፍር ታህል ቁራጭ መቶ አልበም ተሸክማ ትመለሳለች። ካርዷ ግን ብቻዋን ድዳ ናት፤ የሚያነብላት ትፈልጋለች። ስልክ ውስጥ ይህ ሥራ ተሸፍኖ አይታይም። አርዱይኖ ኡኖ በተባለችው የመለማመጃ ሰሌዳ ላይ ግን እያንዳንዱን እርምጃ በገዛ እጅ መሥራት ይቻላል።

አርዱይኖ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2005 በሰሜን ጣሊያን ኢቭሬያ ከተማ፣ ለተማሪዎች ተብሎ ነው፤ ስሙም የአንድ ቡና ቤት ስም ነበር። የኡኖ አንጎል የሆነው ማይክሮኮንትሮለር የሥራ ሚሞሪ 2 ኪሎባይት ብቻ ነው። ችግሩም፣ ውበቱም እዚህ ላይ ነው።

ዋቭ የሚባለው የድምፅ ፋይል የቁጥር ሰልፍ ነው፤ የድምፁ ሞገድ በየቅጽበቱ ተለክቶ ተመዝግቧል። በሰከንድ 16,000 ልኬት፣ ለእያንዳንዱም አንድ ባይት ብንመድብ፣ ሰሌዳዋ ያላትን ሚሞሪ ሁሉ ብትለቅ እንኳ የምትይዘው የሰከንድ አንድ ስምንተኛ ነው። አንዲት ፊደል ተጠርታ የማታልቅበት ጊዜ! ስለዚህ ዘፈኑን አትይዘውም፤ ታሳልፈዋለች። በሁለት ጀሪካን ከቦኖ ውኃ እንደሚያመላልስ ቤተሰብ፣ አንዱ እየተገለበጠ ሌላው ይሞላል። ካርዷ የምታቀብለው በ512 ባይት፣ በ512 ባይት ነው፤ ያም የሚሰማው ለ32 ሚሊሰከንድ ነው። ተረኛው ሳይሞላ የፊተኛው ካለቀ ድምፁ ይንተባተባል።

የሰሌዳዋ ፒን፣ ማለትም ገመድ የሚታሰርበት እግሯ፣ ደግሞ የሚያውቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ 0 ቮልት ወይም 5 ቮልት። ከዚህ እንዴት ዜማ ይወጣል? ፒኑ በሰከንድ 62,500 ጊዜ ይበራል፣ ይጠፋል፤ በርቶ የሚቆይበት ጊዜ በየልኬቱ ይረዝማል ወይም ያጥራል። ስፒከሩ ያን ፍጥነት መከተል ስለማይችል አማካዩን ይዞ ይርገበገባል፤ የሰው ጆሮም በሰከንድ ከ20,000 ጊዜ በላይ የሚርገበገብ ድምፅ አይሰማም። ይህን ዘዴ ያሰቡትን ሰዎች ሳላደንቅ ያለፍኩበት ቀን የለም።

ጥንቃቄ የሚሹ ነገሮች አሉ። ካርዷ የምትችለው 3.3 ቮልት ነው፤ 5 ቮልት በቀጥታ ከደረሰባት ልትበላሽ ትችላለች፣ ስለዚህ ቮልት የሚያወርድ የካርድ ማንበቢያ ያስፈልጋል። ስፒከርም ፒኑ ላይ በቀጥታ አይታሰርም፤ መሃል ላይ አምፕሊፋየር ይግባ። የተለመደው የካርድ ማንበቢያ ፕሮግራም የሚያውቀው ከስምንት ባልበለጡ የላቲን ፊደላት የተጻፈ ስም ነው፤ «ትዝታ» ብሎ በአማርኛ የሰየመ ሰው ፋይሉ ካርዷ ውስጥ እያለ አያገኘውም።

ኤምፒስሪ የሚባለው የድምፅ ፋይል ግን ለዚህች ሰሌዳ ከአቅም በላይ ነው። ለዚያ ዲኤፍፕሌየር ሚኒ የሚባል የራሱ ካርድ ማስገቢያ ያለው መሣሪያ አለ፤ ለችኮላ ሥራ እሱን እመክራለሁ። መማር ለሚፈልግ ግን መጀመሪያ በዋቭ ይድከም እላለሁ።

በ16,000 ልኬት ከፍተኛው የጸናጽል ድምፅ ይጠፋል፣ ከጀርባም ትንሽ የ«ሽሽ» ድምፅ ይሰማል፤ ንግግር ግን ጥርት ብሎ ይሰማል። የ1 ጊጋባይት ካርድ በዚህ ልክ ከ17 ሰዓት በላይ የአያት ተረት ይይዛል።