ስለ አዲሱ የእጅ ስልክና ስለ ገበያ ክፍያ

በሸማ ተራ አንድ ነጋዴ ጋቢና ነጠላ ሸጦ ዋጋውን በእጅ ስልኩ በሚቀበልበት ሰዓት ሌላ ደንበኛ ቢደውልለት ኢንተርኔቱ በድንገት ሊቋረጥ ይችላል። ብዙ ሰው ስልኩ የተበላሸ ይመስለዋል፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው።

በአዲስ አበባ በ2007 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው አራተኛው ትውልድ የተባለው ሽቦ አልባ መሥመር በመሠረቱ የተሠራው ለኢንተርኔት ነው። ስለዚህ ድምፅን በዚሁ መሥመር ማስተናገድ የማይችል ስልክ፣ ጥሪ በመጣ ጊዜ ወደ ቀድሞው ሦስተኛ ወይም ሁለተኛ ትውልድ ይወርዳል። በሦስተኛው ኢንተርኔቱ ይዘገያል፤ በሁለተኛው ግን ንግግሩ እስኪያልቅ ድረስ ብዙውን ጊዜ ይቆማል።

ቴሌብር በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ይህ ጉድለት የነጋዴውን ገንዘብ የሚነካ ሆኗል። ገዢው «ልኬአለሁ» ብሎ ስልኩን ቢያሳይና ሻጩ በራሱ በኩል ሳያረጋግጥ ቢቀር፣ ዕቃው ከእጅ ይወጣል፤ ዋጋው ግን በጥርጣሬ ላይ ይቀራል።

ስለዚህ ነጋዴዎች የሚከተለውን ቢያስተውሉ ይጠቀማሉ። አንደኛ፣ ክፍያው እስኪጠናቀቅ ድረስ ጥሪውን ማቆየት ነው። ሁለተኛ፣ ኢንተርኔት ሲጠፋ በ*127# ሒሳብን መመልከት ይቻላል፤ ይህ መንገድ ኢንተርኔት አያስፈልገውም። ሦስተኛ፣ ዕቃ የሚረከበው የገዢው ስልክ ታይቶ ሳይሆን የሻጩ ሒሳብ ተረጋግጦ መሆን ይገባዋል። ገዢውም አስቀድሞ ሒሳቡን ሳይመለከት ሁለተኛ ጊዜ እንዳይልክ ይጠንቀቅ።

አዲስ መሣሪያ የሚጠቅመው ጉድለቱን አስቀድሞ ላወቀ ነው።