ፋይሉን ማን ይክፈተው?

ባለፈው ሴሚስተር የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ለፊቸር ጽሑፍ ኮርስ ሦስት ሳምንት ስሯሯጥ ከርሜ፣ በማስረከቢያው ዕለት ሌሊት ጨርሼ በኢሜይል ላክሁ። በማግስቱ መምህሬ «የላክሽው ፋይል አይከፈትም፤ መጨረሻው ላይ ፔጅስ ይላል» ብለው ጻፉልኝ። እኔ ደግሞ ብልጥ ነኝ ብዬ የስሙን መጨረሻ ሰርዤ «ዶክስ» ብዬ ጻፍኩበትና መልሼ ላክሁ። አሁንም እምቢ። የፋይሉን ስም መቀየር ይዘቱን አይቀይረውም፤ የቡና ቆርቆሮ ላይ «ስኳር» ብሎ እንደመለጠፍ ነው። ሥራዬ ዘግይቶ እንደገባ ተቆጠረና ማርክ ተቀነሰብኝ።

ጥፋቱ የራሴው ነው። ጽሑፉን የጀመርኩት ትምህርት ክፍላችን ውስጥ በዎርድ ነበር። በፍላሽ ገልብጬ ቤት ወስጄ፣ የአክስቴ ልጅ በተወችልኝ ማክቡክ ላይ ሁለቴ ክሊክ አደረግኩት። ተከፈተ። ጻፍኩ፤ የሚጠይቀኝን ሳላነብ ሴቭ አደረግኩ፤ በቃ። ማኩ ላይ ግን ዎርድ አልነበረም። የከፈተልኝ ፔጅስ የተባለው የአፕል መጻፊያ ነው። ፔጅስ የዎርድን ፋይል ያነባል፤ ሲያስቀምጥ ግን በራሱ ዓይነት ነው። በዎርድ ዓይነት እንዲሆን ከተፈለገ ፋይል ከሚለው ሜኑ «ኤክስፖርት ቱ» ገብቶ ዎርድን መምረጥ ያስፈልጋል። ማክ ደግሞ ካልነገሩት በቀር የብዙ ፋይሎችን ቅጥያ ስለሚደብቅ ለውጡን አላየሁትም።

ከዚያ በኋላ ነፃ የሆነውን ሊብረኦፊስ ጫንኩ። ሁለቴ ክሊክ ሳደርግ፣ ኧረ ወዲያ፣ አሁንም ፔጅስ! ለካስ መጫን ብቻ አይበቃም፤ ማን እንደሚከፍት መንገርም አለብን።

አንዱ መንገድ ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው። ኮንትሮል ቁልፍን ይዞ ፋይሉን ክሊክ ማድረግ፣ «ኦፕን ዊዝ» ከሚለው ውስጥ አፑን መምረጥ። ነገ ሁለቴ ክሊክ ብታደርጉት ወደ ድሮው ይመለሳል። ያው ሜኑ ተከፍቶ ሳለ ኦፕሽን የሚለውን ቁልፍ ብትጫኑ ግን ጽሑፉ «ኦልዌይስ ኦፕን ዊዝ» ወደሚል ይቀየራል፤ ያ ፋይል፣ እሱ ብቻ፣ ሁልጊዜ በመረጣችሁት ይከፈታል።

እኔን የገላገለኝ ሌላው ነው። ፋይሉን አንዴ ነክቶ ኮማንድና አይ መጫን። የመረጃ መስኮት ይመጣል። እዚያ «ኦፕን ዊዝ» ከሚለው ሥር አፑን መርጣችሁ፣ ከታች ያለውን «ቼንጅ ኦል» መጫን እንዳትረሱ። እኔ መጀመሪያ ረስቼው አንዷን ፋይል ብቻ ቀይሬ «አይሠራም» እያልኩ ስማረር ነበር። «ቼንጅ ኦል» ከተባለ የዚያ ዓይነት ፋይሎች በሙሉ ይታዘዛሉ፤ ቀድሞ ለብቻቸው የተለየ አፕ የተሰጣቸው ካልሆኑ በስተቀር።

የድሮው ማክ በዚህ ረገድ የተለየ ነበር። ከ1984 ጀምሮ ከፋይሉ ጋር ሁለት ባለአራት ፊደል ኮዶች ይቀመጡ ነበር፤ አንዱ የፋይሉን ዓይነት፣ ሁለተኛው የሠራውን ፕሮግራም የሚናገሩ። ስለዚህ ሁለት ተመሳሳይ የጽሑፍ ፋይሎች እያንዳንዳቸው ወደ ፈጣሪያቸው ይሄዱ ነበር። በ2001 ማክ ኦኤስ ኤክስ ሲመጣ ቅጥያው ቦታ እያገኘ ሄደ፤ በ2009 የወጣው ስኖው ሌፓርድ ደግሞ የፈጣሪውን ኮድ መስማት አቆመ። እንደ እኔ የድሮው ይሻል ነበር፤ ፋይሉ ከየት እንደመጣ ያውቃል። ቅጥያ ግን ከዊንዶውስ ጋር መግባባትን ያቀላል፤ እኛም የምንኖረው ከሁለቱ ጋር ነው።

የኤዲቲንግ ክፍሉን ማክ ለምትጠቀሙ አንድ ነገር ልበል። «ቼንጅ ኦል» የሚሠራው ለገባችሁበት አካውንት ነው። እኛ ግን ሁላችንም በአንድ አካውንት ነው የምንገባው። ባለፈው አንዱ ልጅ ቪዲዮው ሁሉ በቪኤልሲ እንዲከፈት አድርጎ ሄደ፤ ከሱ ቀጥሎ የገባነው «ማኩ ተበላሸ» ብለን ግማሽ ቀን አቃጠልን። እዚያ ስትሆኑ የአንድ ጊዜውን ተጠቀሙ፣ እባካችሁ።

በነገራችን ላይ፣ ዩኒኮድ ባልሆነው በድሮው ፓወር ግዕዝ የተጻፈ ጽሑፍ ማክ ላይ የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ሆኖ ቢመጣባችሁ በአፕ መቀየር አትድከሙ። ያ የፎንት ጣጣ ነው።

መምህሬ ፋይሉን በመጨረሻ ከፈቱት። «መግቢያው በጣም ረዝሟል» አሉኝ።