በእንግሊዝኛ የተጻፈ የሹራብ አሠራር መመሪያን ስለ ማንበብ

አዲስ ቅዳም ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ የደጋ ከተማ ናት። በዚያ አገር ሹራብ ለጌጥ ሳይሆን ለብርድ የሚፈለግ ልብስ ነው። ክሩም ብዙ ጊዜ የሚገዛው እናት ዕንቁላል ወይም ቅቤ ሸጣ በምታገኘው ገንዘብ ስለ ሆነ፤ ተሠርቶ ያለ ልክ የወጣ ሹራብ የገንዘብም የድካምም ኪሣራ ነው። እርግጥ ነው፤ ክሩ ሊተረተር ይችላል፤ ነገር ግን ደጋግሞ የተተረተረ ክር እንደ አዲሱ አይሆንም።

ከዚያው አካባቢ የመጣን ተማሪዎች በዕረፍት ጊዜ የእንግሊዝኛ መመሪያ ለእኅቶቻችን ስናነብ አንድ ነገር ለማስተዋል ችለናል። ይኸውም መመሪያው የሚያስቸግረው እንግሊዝኛ የማያውቀውን ብቻ ሳይሆን፤ በትምህርት ቤት በደኅና የተማረውንም መሆኑ ነው። ቃሎቹ የታወቁ ናቸው፤ ትርጉማቸው ግን የሞያው ነው።

ለምሳሌ «ራይት ሳይድ» የሚለውን ተማሪው «ቀኝ ጎን» ብሎ ይተረጉመዋል። መመሪያው ግን የሚለው የልብሱን ፊት፤ ማለት ከውጭ የሚታየውን ገጽ ነው። «ሮንግ ሳይድ»ም ስሕተት ያለበት ጎን ሳይሆን የልብሱ ጀርባ ነው። በአንጻሩ «ራይት ፍሮንት» ሲል በእውነት ቀኝ ማለቱ ነው፤ ቀኝነቱም የለባሹ ነው እንጂ ፊት ለፊት ቆሞ የሚያየው ሰው አይደለም። እንግዲህ በአንድ ገጽ ላይ አንዱ «ራይት» ፊት፤ ሌላው «ራይት» ቀኝ ይሆናል ማለት ነው። ይህን ያልተረዳች ልጅ ብትናደድ አይፈረድባትም። «ወርክ ኢቭን» የሚለውንም ሒሳብ የተማረ ሰው ስለ ተጋማሽ ቁጥር የተነገረ ይመስለዋል፤ ትርጉሙ ግን ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ ቀጥዪ ነው።

በመርፌው ላይ የሚቆመውን እያንዳንዱን የክር ቀለበት እዚህ ላይ «ዓይን» እንበለው። ዋናዎቹ ሁለቱ አሠራሮች «ኒት» እና «ፐርል» ይባላሉ። በኒት ክሩ ከኋላ ሆኖ መርፌው ከፊት ወደ ኋላ ይገባል፤ በፐርል ክሩ ከፊት ሆኖ መርፌው ከኋላ ወደ ፊት ይመጣል። ሥራውን ገልብጠን ብናይ ግን አንዱ የሌላው ጀርባ ሆኖ እናገኘዋለን። ስለዚህ ልሙጥ ገጽ ለማግኘት፤ ሥራው እየተገላበጠ ሲሠራ አንድ ተራ ኒት አንድ ተራ ፐርል ይሆናል፤ እንደ ቆብ ዙሪያውን ሲሠራ ግን ሁል ጊዜ ኒት ነው። ይህን የተረዳች ሠሪ የት እንደ ደረሰች ቢጠፋባት እንኳ፤ ሥራዋን አይታ ቀጣዩን ተራ ታውቃለች። በስንደዶና በአክርማ ሞሰብ የምትሰፋ እናትም ቀለም የምትለውጥበትን ቦታ የምታውቀው በወረቀት ሳይሆን ከበታች ያለውን ዙር አይታ ነው።

የኮከብ ምልክትም ያደናግራል። በሁለት ኮከቦች መካከል «2 ኒት፤ 2 ፐርል» ተብሎ፤ «2 ዓይን እስኪቀር ድገሚ፤ በመጨረሻ 2 ኒት» ቢባል፤ በሒሳብ መፈተን ይቻላል። ዓይኖቹ 50 ከሆኑ 12 ጊዜ ተደግሞ 48 ይሆናል፤ 2 ይቀራል። ሒሳቡ እንቢ ካለ መርፌ ከማንሣት በፊት ዓይኖቹን እንደገና መቍጠር ይሻላል። እንዲሁም «በዚያው ጊዜ» የሚል ቃል አለ። የብብቱ አቀናነስ ተነግሮ ካበቃ በኋላ የአንገቱ አብሮ ይሠራ ነበር የሚል ነገር ይመጣል፤ ስለዚህ አስቀድሞ እስከ መጨረሻው ማንበብ ግድ ነው።

የመመሪያው አገርም መታወቅ አለበት። በኪሮሽ ሥራ እንግሊዞች «ደብል ክሮሼ» የሚሉትን አሜሪካኖች «ሲንግል ክሮሼ» ይሉታል። በድሮው የእንግሊዝ ልክ 8 ቁጥር የሹራብ መርፌ 4 ሚሊ ሜትር ሲሆን፤ በአሜሪካው 8 ቁጥር 5 ሚሊ ሜትር ነው።

መርፌው ትክክል ቢሆን እንኳ የሠሪዋ እጅ ይለያያል። መመሪያው በ10 ሳንቲ ሜትር 22 ዓይን ብሎ፤ እጇ የላላ ሠሪ 20 ብቻ ካወጣች፤ በ110 ዓይን 50 ሳንቲ ሜትር ይሆናል የተባለው 55 ሆኖ ይወጣል፤ ለሕፃኑ የታሰበውም ለታላቅ ወንድሙ ይሆናል።